የቅርስ ጥናት ወይስ የቁፋሮ መንገድ ጠራጊ?

ለድንጋይ ከሰል ቁፋሮ ፈቃድ ከመሰጠቱ አስቀድሞ የአካባቢና የቅርስ ጥናት መካሄድ አለበት የሚለውን አቋም ዛሬ በግልጽ የሚቃወም የለም። የማዕድን ኩባንያዎች ሳይቀሩ ይደግፉታል። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚወደው ሐሳብ መመርመር ይገባዋል። ለመሆኑ ጥናቱ ይህን ያህል የተወደደው ማንንም ስለማያግድ ይሆን?

በሰሜን ምሥራቅ አሪዞና የሚገኘው የብላክ ሜሳ አምባ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። አምባው የናቫሆና የሆፒ ሕዝቦች ምድር ነው። ፒቦዲ የተባለው ኩባንያ ከሰሉን ለማውጣት የተዋዋለው እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1966 ነበር። ለሆፒ የቆመው ጠበቃ ጆን ቦይደን በዚያው ዘመን ለፒቦዲም ይሠራ እንደ ነበር ሰነዶች በኋላ አጋልጠዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቅርስ ጥበቃ ሕግ የወጣው ውሎቹ ከተፈረሙ በኋላ፣ በ1966 ኦክቶበር ወር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ከ1967 እስከ 1983 በኩባንያው ገንዘብ የተካሄደው የአርኬዎሎጂ ጥናት ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ቅርሶችን ሰበሰበ፤ የሟቾችንም አጽም ከመቃብር አወጣ። ባለሙያዎቹ በትጋት ሠርተዋል፤ የተገኘውም እውቀት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሥፍራው ይቆፈር ወይስ ይቅር ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። የቀረበላቸው ጥያቄ ከመቆፈሩ በፊት ምን ይነሣ የሚል ብቻ ነበር። ማሰሮው በመጋዘን ቁጥር ተሰጠው፤ ማሰሮው የተቀመጠበት ቤት፣ ቤቱም የቆመበት መሬት ለቁፋሮ ተለቀቀ።

የውሃውም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ከሰሉ ተፈጭቶ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይቀላቀልና 440 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ቧንቧ ኔቫዳ ወደሚገኘው የሞሃቪ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይጓዝ ነበር። በዚያ ደረቅ ምድር በዓመት ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚበልጥ ንጹሕ ውሃ ይሳብ ነበር። ለሆፒ ሕዝብ ምንጭ ጥም መቁረጫ ብቻ ሳይሆን ሥርዓት የሚፈጸምበት ቅዱስ ሥፍራም ነው። አካባቢና ባህል በሁለት መዝገብ ተከፍለው ሲጠኑ እንዲህ ያለው ሥፍራ በመካከላቸው ይወድቃል።

ከሰሉ ሥራና ገቢ አስገኝቷል የሚሉ አሉ፤ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን የኬየንታ ማዕድን በ2019 ሲዘጋ ደመወዙም ገቢውም ቆመ። የተናደው መሬትና ከሥፍራው የተነቀለው መቃብር ግን እንደ ቀድሞው አልሆኑም።

ሕግ ጥርስ ሲኖረው ምን ሊሠራ እንደሚችልም ያው ብላክ ሜሳ አሳይቷል። በ2008 መጨረሻ የተሰጠውን ፈቃድ አንድ የአስተዳደር ዳኛ በጃንዋሪ 2010 የሻረው የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ ጉድለት ስለ ነበረበት ነው። የሞሃቪ ማመንጫ ከተዘጋ በኋላ ዕቅዱ ተለውጦ ሳለ ጥናቱ አልታደሰም ነበር። ያም ሆኖ የኬየንታ ቁፋሮ በቀድሞው ፈቃድ ቀጠለ። የ1977ቱ የገጸ ምድር ማዕድን ሕግም በብሔራዊ መዝገብ የሰፈሩ ሥፍራዎችን ይጠብቃል፤ ሆኖም ቀድሞ ለጸና መብት በሩን ክፍት ይተዋል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ቀድሞ የተፈረመ ውል ከመቃብር ይከብራል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በኢሉባቦር በያዩ ምድር የድንጋይ ከሰል አለ፤ በዚያው ምድር የዱር ቡና ደን አለ፤ ደኑም ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። የ2002ቱ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ማለትም ቁጥር 299/1995፣ የባህል ቅርስን ከአፈርና ከውሃ ጎን ያሰፍራል፤ ግምገማውም ከሥራው እንዲቀድም ያዝዛል። ቃሉ መልካም ነው። ቃሉ የሚፈተነው ግን አንድ ባለሥልጣን ጥናቱን አንብቦ አይቆፈርም ብሎ ሲፈርም ነው።

ስለዚህ ጥናቱ ከውሉ ይቅደም። የአጥኚው ደመወዝ ከቆፋሪው ኪስ አይምጣ። አያቶቹን በዚያ ምድር የቀበረ ሕዝብ ሐሳቡን ብቻ ሳይሆን ውሳኔውን ይስጥ። መምህሩና የኪነ ጥበብ ሰውም የተነቀለውን ቅርስ በመስታወት ውስጥ ከማድነቃቸው በፊት ገና በሥፍራው ላለው ቅርስ ይሟገቱ። እምቢ ማለት የማይችል ጥናት ለቁፋሮው ማኅተም ከመሆን አያልፍም።