«እርጅና ነው» ከማለት በፊት፤ ስለ ድመት ሕመም ምልክቶች

በካርቱም ከተማ በምሥራቅ በኩል አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር፣ እንደ ሌላውም የሱዳን ከተማ፣ ድመት የማይመላለስበት ግቢ ጥቂት ነው። ሱዳናውያን ድመትን «ከዲስ» ይሏታል፤ ቃሉም ከኑብያ ቋንቋ የወረሱት ነው ይባላል። ለመንገደኛ ተብሎ በየደጁ ከሚቀመጠው የዚር እንስራ ሥር፣ ውሃው እየተንጠባጠበ መሬቱን በሚያቀዘቅዝበት ስፍራ፣ በቀትር ጊዜ የምትተኛው እርሷ ናት። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ግን ጠጉሯ ይሳሳል፤ ወደ አንገረቡ መዝለል ትተዋለች፤ ጎኗም ይጎደጉዳል። ያን ጊዜ የቤቱ ሰው ሁሉ «አረጀች» ይልና ነገሩን በዚህ ይዘጋዋል።

ይህች አንዲት ቃል ግን ሊድን ወይም ሊቀልል ይችል የነበረውን ሕመም ብዙ ጊዜ ትሸፍነዋለች። የ10 ዓመት ድመት በሰው ዕድሜ ስትመዘን የ56 ዓመት ያህል፣ የ15 ዓመቷም የ76 ዓመት ያህል እንደምትሆን ይገመታል። የ56 ዓመት ሰው በሦስት ወር ውስጥ ከስቶ፣ ሌሊትም ውሃ ጥም አላስተኛኝ ቢል፣ ዘመዶቹ «ሽምግልና ነው» ብለው ዝም አይሉም፤ ወደ ሐኪም ይወስዱታል። ለድመቲቱም ይኸው ፍርድ ሊደርሳት ይገባል።

ነገሩን የሚያከብደው የራሷ ጠባይ ነው። ውሻ ሲታመም ያለቅሳል፤ በሬም ድርቆሹን ትቶ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ ድመት ግን ሕመሟን ትሰውራለች። ብቻዋን አድና ከምታድር ትንሽ አውሬ ዘር የመጣች ስለ ሆነች፣ ድካሟን ብታሳይ ራሷ ለሌላ አውሬ ምሳ እንደምትሆን ተፈጥሮዋ አስተምሯታል። ስለዚህ ሕመሟን የምትናገረው በልማዷ መለወጥ ብቻ ነው። ልማዷን ደኅና አድርጎ የሚያውቅ ደግሞ የቤቱ ጌታ ላይሆን ይችላል። በካርቱም ቤቶች ብዙ ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያት በቤት ሠራተኝነት አገልግለዋል፤ ውሃውን የምትቀዳው፣ ትርፍራፊውን የምትጥልላት፣ ግቢውን የምትጠርገው ሠራተኛ ከባለቤቱ አስቀድማ ለውጡን ታያለች። «ይህች ድመት ደኅና አይደለችም» ስትል የሚሰማት ቢገኝ፣ ሕክምናው በግማሽ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

ከምልክቶቹ ሁሉ ፊተኛው የውሃ ነገር ነው። የድመት ዘር አመጣጡ ከደረቅ አገር ነው። የዱር ድመት የሚያስፈልጋትን ውሃ አብዛኛውን ከምትበላው አይጥና ወፍ ሥጋ ታገኛለች፤ ኵላሊቷም ሽንቱን አጥብቆ እያወፈረ ውሃ እንዳይባክንባት ያደርጋል። ከዚህ የተነሣ ጤነኛ ድመት ውሃ ስትጠጣ እምብዛም አትታይም። በእርጅናዋ ጊዜ ከእንስራው ሥር የማትነሣ፣ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ የምትልስ፣ ከቧንቧው ሥር ቆማ ጠብታ የምትጠብቅ ከሆነች ግን፣ ኵላሊቷ ሽንቱን ማወፈር ተስኖታል ብሎ መጠርጠር ይገባል። የኵላሊት ሕመም በአረጁ ድመቶች እጅግ የተለመደ ነው፤ ክፋቱም ምልክቱ የሚገለጠው ከኵላሊቱ የሥራ ኃይል ሁለት ሦስተኛው ያህል ከጠፋ በኋላ መሆኑ ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረው ግን በተስማሚ ምግብ፣ በበቂ ውሃና በሐኪም ክትትል ለብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። የስኳር በሽታም እንዲሁ ያስጠማል፤ ሁለቱን የሚለየው የሽንትና የደም ምርመራ ነው እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም።

በካርቱም ሰውን የሚያታልለው ሙቀቱ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ሰውም እንስሳም ይጠማል፤ ድመቲቱ አብዝታ ብትጠጣ ማንም አይደነቅም፤ በሽታውም ከበጋው ጥላ ሥር ተደብቆ ያልፋል። ስለዚህ በዓይን መገመት አይበቃም፤ መስፈር ይገባል። ማታ ውሃውን በመለኪያ ሰፍሮ በሳሕን ማኖር፣ በአጠገቡም እኩል ውሃ በሌላ ሳሕን አድርጎ ድመቲቱ እንዳትደርስበት በወንፊት መክደን ነው። በማግሥቱ በተከደነው የጎደለው በሙቀቱ የተነነ ነው፤ ያ ሲቀነስ ድመቲቱ የጠጣችው ይታወቃል። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ400 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣች ለጥርጣሬ ስፍራ የለም፤ ከዚያም ቢያንስ ካለፈው ዓመት የዚያው ወር ልማዷ እጥፍ ከሆነ ለሐኪም መንገር ነው። አንዳንድ ሰው ምንጣፉን እንዳታረጥብ ብሎ ውሃ ይነሣታል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው፤ ኵላሊቷ የደከመ ድመት ውሃ ከተነሣች በጥቂት ቀን ትሞታለች።

ከውሃ ቀጥሎ የሚታየው ክብደት ነው። ጠጉር ክሳትን ይሸፍናልና በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ የጀርባ አጥንቷ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተቆጠረ ሥጋዋ አልቋል። ከዚህ የሚሻለው ግን በወር አንድ ቀን በቅርጫት አድርጎ በእህል ሚዛን መመዘን ነው። ከ4 ኪሎ 400 ግራም መጉደል ለዓይን ምንም አይመስልም፤ ነገር ግን 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 7 ኪሎ ከሳ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ይኸውም ደኅና የምትበላ ድመት አትታመምም የሚለው አሳብ ነው። በአንገቷ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ፣ አሮጌዪቱ ድመት እንደ ግልገል ትቅበዘበዛለች፤ ሌሊት ትጮሃለች፤ ከወትሮው አብዝታ እየበላች ትከሳለች። ባለቤቱም «ወጣትነቷ ተመለሰ» ብሎ ይደሰታል። ይህ ሕመም በድመቶች ላይ በግልጽ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 በኒው ዮርክ ነው፤ ዛሬም መድኃኒት ያለው ነው።

መዝለል መተውም እንዲሁ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ታትሞ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸው 100 ድመቶች በራጅ ታይተው 90ዎቹ የመገጣጠሚያ ጉዳት እንደ ነበረባቸው አስረድቷል። ስለዚህ አንገረቡን ትታ መሬት የተኛች ድመት ሰነፈች ሳይሆን አመማት ማለት ይቀርባል። ወገቧን ማጠፍ ስለሚያሳምማት በጀርባዋ ያለውን ጠጉር መላስ ትተዋለች፤ ጠጉሩም ይጠላለፋል። ወደ አሸዋው መውረድ ሲከብዳትም በደጃፍ ትሸናለች፤ በዚህም ትደበደባለች። በካናዳ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2019 ሕመም በድመት ፊት ላይ እንደሚነበብ አሳይተዋል፤ ጆሮዎቿ ወደ ጎን ይዘረጋሉ፣ ዓይኗ ይጠብባል፣ አፍንጫዋና ከንፈሯ ይወጠራል፣ ጢሟ ቀጥ ይላል፣ ራሷንም ከትከሻዋ ዝቅ ታደርጋለች። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም።

አፏም ይታይ። ምግቡ ዘንድ ሮጣ መጥታ አሽትታ የምትመለስ፣ በአንድ ወገን ብቻ የምታኝክ፣ ለሐጭ የሚወርዳትና አፏ የሚሸት ድመት የምግብ ፍላጎት አላጣችም፤ ጥርሷ ወይም ድዷ ታሟል። ነጭ ድመት ያለው ሰው ደግሞ የጆሮዋን ጫፍ ይመልከት፤ በካርቱም ፀሐይ ዓመታት የኖረ ነጭ ጆሮ ቅርፊት ይዞ የማይድን ቍስል ካወጣ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ከተቈረጠ ግን ትድናለች። የዓይኗ ብሌን በድንገት ሰፍቶ ከግድግዳ ጋር የምትጋጭም ብትኖር፣ የደም ግፊት ነውና በዚያው ቀን ለሐኪም ትታይ።

ቀን የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። ወንድ ድመት ደጋግሞ እያማጠ ሽንት የማይወጣው ከሆነ ቧንቧው ተዘግቷል፤ በአንድና በሁለት ቀን ይገድለዋል፤ ሰዎች ግን ሆዱ ደርቋል ብለው ዘይት ያጠጡታል። ተኝታ ሳለች በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የምትተነፍስ ድመት ልቧ ወይም ሳንባዋ ይመርመር። ሁለት ሦስት ቀን ምንም ያልቀመሰች ድመትም፣ ይልቁንም ወፍራም ከነበረች፣ ጉበቷ በስብ ሊሞላ ይችላልና «ሲርባት ትበላለች» ማለት አይገባም።

ለርኅራኄ ተብሎ የሚደረግ ጉዳትም አለ። ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠው ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ ክኒን ብቻ ትገድላታለች። ለከብት መዥገር የሚረጨውና ለውሻ ቍንጫ የሚቀባው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም እንዲሁ ያንቀጠቅጣታል። ገበሬው በጎተራው የአይጥ መርዝ ሲያኖር፣ የተመረዘውን አይጥ ፊት የምታገኘው አሮጌዪቱ ድመት እንደ ሆነች ያስብ፤ ሮጦ የሚያመልጠውን መያዝ አትችልምና።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሰው ራሱን ይጠብቅ። ገር የነበረች ድመት ያለ ምክንያት ብትናከስ፣ ለሐጯ ቢዝረበረብ፣ ድምፅዋ ቢለወጥ፣ አረማመዷም ቢንገዳገድ፣ የእብደት በሽታ ሊሆን ይችላልና በእጅ አትነካ። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቍስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የአል-ጣኢፍም ሕዝብ ቤቱን እየዘጋ ተሰደደ፤ ከስደተኞቹም ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በካርቱም ባሕሪ በሸምባት ያለው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም የጦርነት ቀጠና ውስጥ ወደቀ። የሱዳን ጦር ከተማይቱን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ባዶ ቤቱ የተመለሰ ሰው፣ ትቷት የሄደው ድመት በአጥሩ ላይ ቆማ ቢያገኛት፣ ክሳቷ የራብ ይሁን የበሽታ በአንድ ቀን ሊያውቅ አይችልም። የተራበችን ድመት በአንድ ጊዜ ማጥገብ ራሱ ይገድላታል፤ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ በቀን አራትና አምስት ጊዜ መስጠት ነው። ሁለት ሳምንት እንዲህ ተመግባ ሚዛኗ ካልጨመረ፣ ወይም ከምግቡ ይልቅ ውሃውን ከፈለገች፣ ነገሩ ከራብ ያለፈ ነው።

የኢትዮጵያ ገበሬና ባለ ሥልጣን ይህን የካርቱም ነገር አድርገው እንዳይተዉት ያስፈልጋል። በሑመራና በመተማ የማሽላና የሰሊጥ መጋዘን ያለው ሰው፣ በሰሜን ሸዋም ጎተራ ያለው ገበሬ፣ እህሉን ከአይጥ የሚጠብቅለት ያለ ደመወዝ የሚሠራ ዘበኛ ድመት ናት። ይሁን እንጂ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በሬ፣ በግ፣ አህያ ሲመጣ መዝገብ ይከፈታል፤ ድመት ያቀፈች ሴት ብትመጣ ግን ይሳቅባታል። ይህ ሣቅ አሳፋሪ ነው። ለክሊኒኩ የሚጨመረው ወጪ ጥቂት ነው፤ ለጥጃ የተገዛው ሚዛን ድመትንም ይመዝናል፤ ለውሾች የእብደት ክትባት ዘመቻ ሲወጣም ድመቶቹ አብረው ይከተባሉ፤ በመዝገቡም ላይ ዕድሜያቸውና ክብደታቸው ይጻፋል። የወረዳው ባለሙያ ለምርመራ የሚሆን መሣሪያ ባይኖረው እንኳ፣ ባለቤቲቱን እንዲህ ብሎ መጠየቅ አይሳነውም፤ «እናቴ፣ ይህች ድመት ውሃ ስትጠጣ ደጋግመው ያዩአት ከመቼ ወዲህ ነው?»