ሰማዩን ማን ያዳምጠው?

አትክልት ተራ ፒያሳ ሳለ፣ የዕለቱን የቲማቲም ዋጋ ማወቅ የሚሻ ሰው አንድ ነጋዴ ጠይቆ አይመለስም ነበር። አንዱ ይቆልላል፣ ሌላው ያወርዳል፤ አሥሩን የጠየቀ ግን የገበያውን ልክ ያውቃል። ለሙያ ሳይሆን በፍላጎታቸው የሬዲዮ ጣቢያ የሚያንቀሳቅሱ አማተር ሬዲዮኞች ለሳይንስ የሚሰጡት ጥቅም ይኸው ነው፤ እኛም ከዚህ ገበያ መቅረት የለብንም እላለሁ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ አዮኖስፌር የሚባለው የሰማይ ንብርብር እየተናወጠ የጂፒኤስን ምልክት ያውካል። አባ ፒየር ጉዋን የተባሉት ካናዳዊ ቄስ በ1950 ዓ.ም. አራት ኪሎ ያቋቋሙት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ይህን ሰማይ ለመከታተል የተመቸ ነው። አንድ መለኪያ ግን አንድ ነጋዴ ነው።

አሥሩን የሚሞሉልን አማተሮቹ ናቸው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አምስት ኪሎ ይገኛል። ሰማዩን ለማዳመጥ 10 ሜትር ገደማ ሽቦ በሁለት ምሰሶ መካከል ይወጠራል፤ ከሬዲዮና ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል። የኖቤል ተሸላሚው ጆ ቴይለር በቀመረው ዊስፐር በተባለው ዘዴ፣ ከአንድ ዋት ባነሰ ኃይል የሚሠራ ጣቢያ መጠሪያውንና ቦታውን ለሁለት ደቂቃ ያህል ይልካል፤ ባሕር ማዶ የሰማው ሰዓቱንና የምልክቱን ጥንካሬ ይመዘግባል። ምልክቱ ባሕር የሚሻገረው በአዮኖስፌር እየተንጸባረቀ ነውና፣ በጣቢያዎቹ መካከል ያለው ግንኙነት ሲከፈትና ሲዘጋ የአዮኖስፌር ጠባይ ይነበባል። ነሐሴ 15 ቀን 2009 ዓ.ም. አሜሪካ በፀሐይ ግርዶሽ ስትጨልም፣ አማተሮች በመዘገቡት ግንኙነት ተመራማሪዎች የአዮኖስፌርን ለውጥ አይተውበታል።

«የአማተር መረጃ ይታመናል ወይ?» ለሚል፣ አንድ መዝገብ ሊያሳስት ይችላል፤ ሺህ መዝገብ ሲደራረብ ግን ስሕተቱ ተለይቶ ይወጣል፣ ከአራት ኪሎው መለኪያም ጋር ይመሳከራል። «ለጸጥታ ያሰጋል» የሚለውን ሥጋት አልንቀውም። ነገር ግን አማተር በመጠሪያው የሚታወቅ ሰው ነው፤ በአገሮች መካከል የሚልከውንም መልእክት በምስጢር መቆለፍ በዓለም አቀፉ ደንብ አይፈቀድለትም። «ለድሃ አገር ቅንጦት ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። የጂፒኤስ መሳት አብራሪውንም የመሬት ቀያሹንም ይነካል፤ ሽቦውን በእጁ የወጠረ ተማሪም ፊዚክስን ከጥቁር ሰሌዳ ባሻገር ያውቀዋል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ከሰሜን አፍሪካ እስከ የመን ይሻገራል፤ በእኛም ሰማይ በከፊል ይታያል። ለአማተሮች የሚሰጠው ፈቃድ ቀና ይሁን፤ ትምህርት ቤቶች ክበብ ያቋቁሙ፤ ሽቦዎቹ ከዚያ ቀን በፊት ይወጠሩ። ስለ ሰማያችን ሲጠየቅ፣ መልሱ ከእኛም ሰገነት መምጣት አለበት።