ቋንቋ ለቪዛ ብቻ አይደለም



በግቢያችን አንድ ተማሪ በስልኩ ስዊድንኛ ወይም ኖርዌይኛ ሲለማመድ ከታየ የሚቀርብለት ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «መቼ ነው የምትሄደው?» የስካንዲኔቪያን ቋንቋና ባህል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንደ አንድ ሙያ መማር እንደሚቻል ሲነገር ደግሞ ሳቅ ይከተላል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። በተለይ ኢንጂነሪንግ ለምንማረው በቁጥር የማይሰላ ትምህርት ሁሉ እንጀራ የማያበላ ይመስለናል። ነገሩን ከሥሩ ካየነው ግን ሌላ መልክ አለው። የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ በወግ መማር ከዒልም የሚቆጠር ነው። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች እኛን ሲያጠኑ፣ እኛ እነርሱንም ራሳችንንም ሳናጠና መቅረታችን ብዙ እያሳጣን ነው።

ከዲናችን እንጀምር። የቋንቋዎቻችን መለያየት ከአላህ ታምራት መካከል መሆኑ በሱረቱ አር-ሩም ተወስቷል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር እንዳዘዙት፣ እርሱም በግማሽ ወር ገደማ እንደተማረው በሐዲስ ተዘግቧል። ዘይድ ከመዲና ሊሰደድ አላሰበም። የሚመጣውን ደብዳቤ ከሰው አፍ ከመስማት ይልቅ በራሱ ዓይን አንብቦ ለረሱል ለማቅረብ ነው የተማረው።

ሙስሊሞች ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ጋር ያላቸው ትውውቅም የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ921 አሕመድ ኢብኑ ፈድላን በኸሊፋው መልእክተኞች መካከል ሆኖ ከበግዳድ ወደ ቮልጋ ወንዝ አገር ተጓዘ። እዚያም «ሩስ» የሚባሉ ነጋዴዎችን አገኘ፤ አብዛኞቹ ምሁራን መነሻቸው ስካንዲኔቪያ ነው ይላሉ። አለባበሳቸውን፣ መሣሪያቸውን፣ አለቃቸው ሲሞት ከነመርከቡ እንዴት እንደሚያቃጥሉት እያየና በአስተርጓሚ እየጠየቀ ጻፈ። ንጽሕና የሌላቸው መሆኑን ተጸየፈ፤ እምነታቸውንም አልተቀበለም፤ ያየውን ግን መዝግቦ አስቀረ። ዛሬ በኡፕሳላ ወይም በኦስሎ ስለ ቫይኪንጎች የሚማር ተማሪ በዚያ የቀብር ሥርዓት ላይ የሚያገኘው የዓይን ምስክር ይህ ሙስሊም ጸሐፊ ነው። «ባህላቸውን ካጠናን ይወስደናል» ለሚሉ ወገኖቻችን ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም። ማወቅና መከተል ሁለት ነገር ናቸው።

ይህ ብቻ አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. በስዊድን ጎትላንድ ደሴት፣ ስፒሊንግስ በተባለ እርሻ ከመሬት የወጣው የብር ክምችት ከ14,000 በላይ ሳንቲሞች ነበሩት። አብዛኞቹ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለባቸው ዲርሃሞች ናቸው። የእነርሱን የጥንት ንግድ ታሪክ ለማንበብ እኛ በመድረሳ ሉህ ላይ የቆጠርነው ፊደል ያስፈልጋል ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1954 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ አርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የምንለው የእርሱ ወራሽ ነው። በ1967 ደግሞ በአርሲ፣ ካዱ በሚል ስም የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ሥራ በስዊድን እርዳታ ተጀመረ። ሙያቸውን ተቀበልን፤ ቋንቋቸው ግን በመካከላችን ሥር አልያዘም።

እነርሱ በበኩላቸው መጥተው ቋንቋችንን ተማሩ። ስዊድናዊው ዮሐንስ ኮልሞዲን የጸዓዘጋንና የሐዘጋን የቃል ታሪክ በትግርኛ ሰብስቦ አሳተመ፤ ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ሆኖ ሲሠራ በ1933 አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ። ኖርዌያዊው ቴርዬ ኦስተቦ የባሌ ሙስሊሞችን የእምነት ለውጥ አጥንቶ በ2012 መጽሐፍ አወጣ። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ጎሪ የተመራ ፕሮጀክት ደግሞ ከ2013 እስከ 2018 የአፍሪካ ቀንድ ሙስሊሞች የጻፏቸውን ኪታቦች ሲያጠናና ሲመዘግብ ቆየ። ሥራቸው ያስመሰግናቸዋል። የሚያስቆጨው፣ ሸይኾቻችን የጻፉት ኪታብ ማን ዘንድ እንዳለ ለማወቅ ዴንማርክ የተዘጋጀ ዝርዝር የምንከፍት መሆናችን ነው። ከመካከላችን እንደ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ያሉ ሰዎች ወጥተዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና በ2001 ያወጡት መጽሐፍ ሥራው በእኛ እጅም እንደሚሠራ ያሳያል። ግን ስንት ናቸው?

ከስካንዲኔቪያ ጥናት ለእኛ ለተራራ አገር ተማሪዎች ይበልጥ የሚጠቅመን የኢቫር ኦሰን ታሪክ ይመስለናል። ኖርዌይ እስከ 1814 በዴንማርክ ሥር ስለነበረች የምትጽፈው በዴንማርክኛ ነበር፤ የገበሬው አነጋገር እንደ ተራ ወሬ ይቆጠር ነበር። በ1813 ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደው ኦሰን፣ ዩኒቨርሲቲ ሳይማር፣ ከ1842 ጀምሮ በየሸለቆውና በየመንደሩ እየዞረ ቃላት ሰበሰበ። በ1848 ሰዋስው፣ በ1850 መዝገበ ቃላት አሳተመ። በ1885 የኖርዌይ ምክር ቤት ከዚህ ሥራ የተወለደውን የጽሑፍ ቋንቋ ከሌላው ጋር እኩል አደረገው። ዛሬ ኒኖሽክ የሚባለው እርሱ ነው።

እኛስ? ከደባርቅ ተነስቶ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ዛሪማ ሲደርስ አየሩም የሰዉም አነጋገር ይለወጥበታል። ስለ ውርጭ፣ ስለ ገብስ ዓይነት፣ ስለ ገደልና ስለ ጉም አያቶቻችን የሚናገሩት ቃል በየትኛው ደብተር ተጽፏል? በዚህ መንገድ በቅሎ ጭነው ከጎንደር ምጽዋ ይመላለሱ ከነበሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። የእነርሱን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ማን ተቀበለ? ሽማግሌ በሞተ ቁጥር አንድ ኪታብ ተዘጋ ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ ደግሞ ባዶ እጃችንን አይደለንም። አጅሩሚያን የቀራ ተማሪ ነሕውና ሶርፍ ምን እንደሆኑ ያውቃል፤ አንድን ቋንቋ ከሰዋስው ተነስቶ መያዝ ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ ተምረናል። ዐረብኛ፣ አማርኛና አንድ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የሚያነብ ሰው ኢብኑ ፈድላንንም ኮፐንሃገን የተጻፈውንም የወሎን አጀሚም ማንበብ ይችላል። ስዊድንኛን በደንብ የያዘ ሰው ኖርዌይኛንና ዴንማርክኛን አንብቦ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ ቋንቋዎቹ እህትማማቾች ናቸውና።

ለመሄድ ለሚያስቡትም እንቅጩን እንንገራቸው፤ መሄድ ነውር የለበትም። ሆኖም ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ዴንማርክ ከ2006፣ ስዊድን ከ2011፣ ኖርዌይም ከ2023 ጀምሮ ክፍያ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርታቸውም በአብዛኛው በገዛ ቋንቋቸው ነው። ስለዚህ ነፃ የትምህርት ዕድል ሳይዙና ቋንቋውን ሳይጠነክሩበት በደላላ ተስፋ መነሳት የቤተሰብን ጥሪት ማባከን ነው።

ለጀመዓችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት የቋንቋ ሐለቃ ይኑረን፤ የሚያውቅ ያስተምር፣ የማያውቅ ይማር። ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ። የአያቶቻችንን ቃልና ታሪክ እንጻፍ። በየመስጂዱና በየቤቱ ያሉ የቆዩ ኪታቦችን በባለቤቶቹ ፈቃድ፣ ከቦታቸው ሳናነሳ፣ ስማቸውን፣ ጸሐፊያቸውንና ያሉበትን ሁኔታ እንመዝግብ። ማንም መንገድ ቅየሳ ሳይደረግለት አይሠራም፤ ይህም የእኛ ቅየሳ ነው።

ሊማሊሞ በአንድ ትንፋሽ አይወጣም፤ በመጠምዘዣው ነው የሚወጣው። ቋንቋም እንደዚሁ ነው። አላህ የሚጠቅመንን ዒልም ይስጠን፤ በተማርነውም ይጥቀመን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።