ገንዘቡ በዝናብ የሚሟሟበት አገር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የወጣቶች ረቂቅ ልብ ወለድ አንባቢ ሆኛለሁ። ማንም አልሾመኝም። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የጻፈውን ላከልኝ፤ ያልኩትን ለጓደኛው ነገረው፤ ጓደኛውም ለሌላው። አሁን ቴሌግራሜን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ፒዲኤፍ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። አብዛኛው ልጆቹ «ፋንታሲ» የሚሉት ነው፦ ያልነበረ አገር፣ ያልነበረ ንጉሥ፣ ከሰው በላይ ጉልበት ያለው ጀግና። ደስ እያለኝ ነው የማነበው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ እኩዮቼ አሉ፤ እነሱ ያሉትን ይበሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት መልክዓ ምድር ስለሆነ መጀመሪያ የማየው ካርታውን ነው። ካርታ የሌለው ረቂቅ ደግሞ እስካሁን አልደረሰኝም።

ጠባችን የሚጀምረውም እዚያው ነው። ወንዙ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ተራራ ይወጣል። ሌላው ወንዝ መንገድ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ ሁለት ባሕር ውስጥ ይገባል። በረዶና በረሃ ያለ ምንም ምክንያት ጎን ለጎን ተኝተዋል። አዋሽን የሚያህል ወንዝ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ሰምጦ በሚቀርበት አገር ያደገ ልጅ ወንዝ አጥቶ ነው? ቀይ እስክሪብቶዬ ዝም አይልም። ግን እውነቱን ልናገርና ዋናው ቅሬታዬ ይህ አይደለም። የደራሲው የቶልኪን ምናባዊ አገር ሞርዶርም በሰሜን፣ በምዕራብና በደቡብ እንደ ግቢ አጥር ቀጥ ብለው በቆሙ ተራሮች የተከበበች ናት። ተራራ እንዲህ ማዕዘን ጠብቆ አይሰለፍም። ሆኖም በዚህ ተናዶ መጽሐፉን የዘጋ አንባቢ አላውቅም።

የሚያናድደኝ ልጆቹ ሲያቅዱ የሚያቅዱት ነገር ነው። የንጉሡን የዘር ሐረግ እስከ ምንጅላቱ ድረስ ይቆጥሩልሃል። የትኛው ጠንቋይ ከየትኛው እንደሚበልጥ ያውቃሉ። በዋና ከተማው አንድ ቁና እህል ስንት ያወጣል? ብለህ ስትጠይቃቸው ግን ዝም ነው። ጀግናው በሦስተኛው ምዕራፍ ማደሪያ ቤት ገብቶ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተኝቶ ይወጣል፤ ማን እንደከፈለለት አይታወቅም።

በእኔ እምነት ያልነበረን አገር የሚያቆመው ዋጋ ነው። እዚያ አገር ምን ውድ ነው? ምን ርካሽ ነው? ማን ይከፍላል? መክፈል ያቃተውስ ምን ይደርስበታል? እነዚህን የመለሰ ደራሲ ሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ መፈልሰፍ አያስፈልገውም፤ ታሪኩ ራሱ እየተጎተተ ይመጣል።

ምሳሌዬ ከምናብ ሳይሆን ከአፋር ነው። ዳሎል አካባቢ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ሜዳ፣ ሰዎች የጨውን ቅርፊት በእንጨት እየፈነቀሉ፣ እየጠረቡ እኩል ያደርጉታል፤ በገመድ አስረው ግመል ላይ ይጭኑታል። ያ የተጠረበ ጨው አሞሌ ነው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን ገንዘብ ሆኖ ሲገበያዩበት ኖረዋል። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ልብ ብሎ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ከጨው ሜዳው በራቅህ ቁጥር አሞሌው እየተወደደ ይሄዳል።

አሁን ይህን ብቻ ይዘን አንድ ያልነበረ አገር እንሥራ። ገንዘቡ ጨው ነው። እንግዲያው ክረምት ሲገባ የንጉሡ ግምጃ ቤት ያልባል። ጣሪያው ቢያፈስ የጠፋው የመንግሥት ሀብት ነውና የግምጃ ቤቱ ሹም ከሐምሌ እስከ መስከረም እንቅልፍ የለውም፤ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ምሽቱን ትቶ ወደ ግምጃ ቤቱ ይሮጣል። ሣር ከዳኝ በዚያ አገር ትልቅ ሰው ነው፤ ጉቦ የሚቀርብለትም ለእሱ ነው። ሽፍታ ነጋዴ ዘርፎ ቢያመልጥ ወንዝ ሞልቶ ያገኘዋል፤ ቢሻገር የዘረፈው ውኃ ሆኖ ይቀራል፣ ቢቆም ይያዛል። ስለዚህ ሽፍቶች በበጋ ብቻ ይሸፍታሉ፤ በክረምት ደግሞ እንደ ማንኛውም ገበሬ ያርሳሉ፤ ምናልባት የዘረፉት ሰው ጎረቤት ሆነው። አንዲት ሴት ለልጇ ሠርግ ያጠራቀመችውን አሞሌ ከጎታው ሥር ደብቃለች። አንድ ቀን በሩ ሳይዘጋ ያድርና ላሟ ገብታ የሠርጉን ወጪ ልሳ ጨርሳ ታድራለች። ላሟን ማን ነበር ማሰር የነበረበት? ባልየው። እነሆ ጠብ፣ እነሆ ሽማግሌ፣ እነሆ የተሰረዘ ሠርግ፣ እነሆ ከቤት የጠፋች ሙሽራ። ዘንዶ አላስገባሁም፤ አስማትም የለም። ልብ ወለዱ ግን ተጀምሯል።

ስለ መንገድም እንዲሁ ነው። በሚደርሱኝ ረቂቆች ጀግናው ፈረስ ላይ ወጥቶ ከንጋት እስከ ማታ ይጋልባል፤ በማግስቱም ይጋልባል። የኛ መኳንንት ለጉዞ የሚቀመጡት በበቅሎ ነበር፤ ፈረሱ ጉልበቱ ለውጊያ እንዲቆይ ባዶውን እየተሳበ ይከተላል። ይህችን አንዲት ልማድ ያወቀ ደራሲ የበቅሎዋን ሞት ትልቅ አደጋ ማድረግ ይችላል። ክብደትም አለ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፣ ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋውን መድፍ በሰው ጉልበት ለመጎተት፣ መንገድ እየተቆፈረና ገደል እየተደለደለ ወራት ፈጅቷል። እንግሊዞች ከባሕር እየመጡ ነው፤ ንጉሡ ተስፋ የጣሉበት መሣሪያ ደግሞ የእርምጃቸውን ፍጥነት ይወስንባቸዋል። 1860 ዓ.ም. እንዴት እንዳለቀ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህ የበለጠ የምናባዊ ልብ ወለድ ሤራ ማን ሊያመጣ ነው?

ልጆቹ ቶልኪንን በመጥቀስ ሊረቱኝ ይሞክራሉ። «መምህር፣ እሱ እኮ ቋንቋ ሁሉ ፈጥሯል!» ይሉኛል። ፈጥሯል። ኦክስፎርድ ውስጥ ደመወዝ የሚበላው በጥንታዊ ቋንቋ ነበር፤ ሙያው ነው፤ ገና በወጣትነቱ የጀመረው ፍቅሩም ነው። ካርታውንም አስቀድሞ ስሎ ታሪኩን በካርታው ልክ አስኬዶታል፤ ጨረቃዋ በትክክለኛው ቀን ሙሉ መሆኗን እስከመቁጠር የደረሰ ሰው ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በታተመው በዚያ ትልቅ ሥራው ውስጥ ሁለቱ ትንንሽ ሰዎች ወደ እሳቱ ተራራ ሲቃረቡ ስንቃቸውን እየቆጠሩ፣ ውኃ እየለመኑ ነው። ከሁለቱ አንዱ፣ ሳም፣ ከአገሩ ጀምሮ የተሸከማቸውን መጥበሻና ድስት አውጥቶ ወደ መሬት ስንጥቅ የሚጥልበት ቦታ አለ፤ ከእንግዲህ የሚያበስለው የለምና። ከጦርነቶቹ ሁሉ ይልቅ እኔ የደነገጥኩት እዚያ ላይ ነው። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ስንት እንደሚያስከፍል ድስቱ ነገረኝ።

ድግምትና አስማትስ? እሱም ነጻ መሆን የለበትም። በረቂቆቹ ውስጥ ጀግናው እጁን ሲዘረጋ እሳት ይወጣል፤ እጁን ሲያጥፍ ይጠፋል፤ ማታ በደንብ ይተኛል። ወደ አገራችን ክታብ እንምጣ፤ ይመን የሚያምን፣ አይመን የማያምን፣ እኔ የምናገረው ስለ አሠራሩ ነው። ለሕመምተኛው የሚዘጋጀው ረጅም የብራና ጥቅል በልማዱ ቁመቱን ተለክቶ የሚቆረጥ ነው፤ የክርስትና ስሙም ይገባበታል። እንግዲህ በግ ወይም ፍየል መታረድ አለበት፤ ቆዳው መወጠር፣ መፋቅ አለበት፤ ጽሕፈቱን የሚያውቅ ደብተራ መለመንና መከፈል አለበት። ለረጅም ሰው ብዙ ቆዳ ይሄዳል። ለልጅ የተሠራውስ? ልጁ ሲያድግ ክታቡ ያጥርበታል። አንድ ደራሲ ይህን ይዞ፣ ጥበቃው እስከ ደረቱ ብቻ የቀረለት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቢጽፍልኝ ሌሊቱን ሙሉ አነብለታለሁ። ደራሲዋ ኡርሱላ ሌ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው የደሴቶች ዓለም ውስጥ ጠንቋይ አንድ ደሴት ላይ ዝናብ ቢጠራ ሌላው ደሴት ሊደርቅ እንደሚችል ትምህርት ቤት ሳለ ይነገረዋል። እሷም ከካርታ ነው የጀመረችው፤ ግን ደሴቶቹን ያስተሳሰረቻቸው በዕዳ ነው።

አንዲት ጎበዝ ልጅ፣ ከሚጽፉልኝ ሁሉ የተሻለ አረፍተ ነገር ያላት፣ ተከራከረችኝ። «ጋሼ፣ ሰው መጽሐፍ የሚገዛው የገበያ ዋጋ ለማንበብ ነው እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ዝርዝሩ ገጽ ላይ አይወጣም። ደራሲው ጋ ተቀምጦ ሰዎቹ ሲናገሩና ሲወስኑ ይታያል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የጎጃምን የጋብቻ ሕግ ዘርዝረው አላስተማሩንም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን አጥንት ሲያጡ፣ የሚመጣውን ሁሉ ሲመልሱ፣ እሷም ዓመታት ሲያልፉባት እናያለን። የዘር ክብር በዚያ ቤት ስንት እንደሚያወጣ የምታሳየን ከፋዩዋ ሰብለ ናት። ዘንዶ የሌለበት መጽሐፍ ነው፤ ዓለም ፈጠራ የሚማር ሰው ግን በእሱ ቢጀምር አይከስርም።

«የራስህን አገር ተጠቀም» የሚለውን ምክር ሰምተው የባሰ ያደረጉም አሉ፤ ይህን ሳልል አላልፍም። የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያን፣ ዛር፣ ቡና፣ ጀበና፣ አንበሳ፣ ሁሉም በመጀመሪያው ምዕራፍ ይታጨቃል፤ ለቱሪስት የተዘጋጀ ይመስል። ታሪኩ ላይ ግን አንዱም አይሠራም። ሐውልቱን አንሥተህ የጀርመን ግንብ ብትተክልበት የሚለወጥ ነገር የለም። በተቃራኒው እንግሊዛዊውን ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰንን ተመልከቱ። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። የኢየሱሳዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር፤ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1759 ራስላስን ጻፈ፤ ኋላም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። መሳፍንቱ አምባ ላይ ተዘግተው ይጠበቁ የነበረበትን የኛን ልማድ ወስዶ ሁሉ የሞላበት ሸለቆ አደረገው፤ መብል አለ፣ ዘፈን አለ፣ መውጣት ግን የለም። መልክዓ ምድሩን ብመረምረው ብዙ ቀይ ቀለም ይፈስበታል። ነገር ግን አንዲቷ ክልከላ ልዑሉን ራስላስን ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምራ ታስጨንቀዋለች፤ መጽሐፉም በእሷ ቆመ።

ስለ ዕቅድ ብዛት ደግሞ የምናባዊ ልብ ወለድ ጸሐፊው ጆርጅ ማርቲን ደራሲዎችን ሁለት ዓይነት አድርጎ ይከፍላል፦ ቤቱን ከመጀመሩ በፊት ሁሉን የሚነድፍ አርክቴክትና ዘር ዘርቶ የሚበቅለውን የሚያይ አትክልተኛ። ራሱን ከአትክልተኞቹ ይመድባል። የመጀመሪያው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1996፣ አምስተኛው በ2011 ወጣ፤ ስድስተኛውን ዓለም እስካሁን ይጠብቃል። ይህን ስነግራቸው ዐቃጆቹ ልጆች ይደሰታሉ። ቆይ አትደሰቱ፤ አርክቴክቱም ቤት ላይጨርስ ይችላል። ቶልኪን የጥንቱን ዘመን ታሪክ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲጽፍ፣ ሲያፈርስ፣ እንደገና ሲጽፍ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1973 ሳይጨርሰው ሞተ፤ ሲልማሪሊዮንን አስተካክሎ በ1977 ያሳተመው ልጁ ክሪስቶፈር ነው። እኔ ጋም ወፍራም ደብተር ይዞ የሚመጣ አንድ ወጣት አለ። የራሱ ዘመን አቆጣጠር አለው፤ አሥራ ስድስት ወር፣ በየወሩ በዓል። የኛ አሥራ ሦስት ወር ከነጳጉሜዋ አልበቃውም። ሁሌ እጠይቀዋለሁ፤ «ምዕራፍ አንድስ?» «ገና ነው መምህር፣ የሰሜኑ ግዛት አላለቀም» ይለኛል። የሰሜኑ ግዛት መቼም አያልቅም። መጻፍ ስለሚያስፈራው ማቀድ መርጧል፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ተቀይሞኝ ነበር፤ ከዚያ አዲስ ካርታ ላከልኝ።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ ረቂቅ የሚልክልኝ ሰው አስቀድሞ አንድ ገጽ ብቻ ይላክልኝ፤ በፈጠረው አገር ውስጥ የአንድ ቅዳሜ ገበያ ዋጋ። እህል፣ ጨው፣ በቅሎ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያ፣ የቃልቻው ወይም የጠንቋዩ ክፍያ፣ ኬላ ላይ የሚወሰደው ቀረጥ፣ ከፋዩ ገንዘብ ቢያጣ በምትኩ የሚሰጠው ነገር። ከዚያ ወዲያው ምዕራፍ አንድን ይጻፍ። ካርታውን እኔ እስልለታለሁ፤ ወንዞቹም ወደ ታች ይወርዳሉ።