ክንፉን እንቁረጥ ወይስ በሩን እንዝጋ?

ንባብ፦ ምሳሌ 12፥10፤ ዘፍጥረት 8፥6-12

የዛሬው ጉዳያችን ፈገግ ያሰኛችሁ ይሆናል፤ ስለ አንድ በቀቀን ነው። በቤታችን ግን ለሦስት ሳምንት የጸሎት ርዕስ ሆኖ ነበር። እኛ ባልና ሚስት ተነጋግረንበታል፣ ትንሽም ተኮራርፈንበታል፤ በመጨረሻ ስለ ወፉ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችንም አስተምሮናል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ከቤት ኅብረታችን እናቶች አንዷ ልጆቻቸውን ያሳደጉበትን ቤት ለቀው ወደ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች ነው፤ እማማም ያንን ስም ሲጠሩ ቤታቸውን የሚጠሩ ይመስላቸዋል። ከዕቃቸው አብዛኛውን ለሰው ሰጡ። አንድ ነገር ብቻ በታክሲ ይዘው ቂርቆስ እኛ ቤት ድረስ መጡ፤ በሽቦ ቤት ውስጥ ያለ አረንጓዴ በቀቀን፣ ሰዎች "ላቭ በርድ" የሚሉትን ትንሹን ዓይነት። ስሙ ማሙሽ ነው። "ልጄ ቤት ሁለት ድመት አለ፤ አደራችሁን" አሉን። እኛም አደራውን ተቀበልን።

ማሙሽ ከሰዓት በኋላ ከሽቦ ቤቱ ወጥቶ ሳሎን ውስጥ መብረር የለመደ ነው፤ እኛም እንደ ልማዱ እንለቀው ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ወደ አምልኮ ለመሄድ ስንጣደፍ አንዱ ልጃችን የውጭውን በር ከፈተው። ማሙሽ በራሳችን ላይ አልፎ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አረፈ፤ ከዚያም ዛፍ ላይ ወጣ። የአዲስ አበባን ሰማይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጭልፊት አይጠፋበትም። ያን ቀን አንዳችን ከጉባኤ ቀረን። የሽቦ ቤቱን አጥሩ ላይ አስቀምጠን፣ ማሽላ በትነን፣ በስሙ እየጠራን ዋልን። ወደ ማታ ርቦት ወረደ። ትንሿ ልጃችን እጇ እየተንቀጠቀጠ በሩን ዘጋችበት።

"ክንፉ ይቆረጥ" የሚለው ሐሳብ የመጣው በዚያች ሌሊት ነው።

የእንስሳት ሐኪም ጠየቅን። የሚቆረጠው ሥጋው ሳይሆን የመብረሪያ ላባው ነው። አድጎ የጨረሰ ላባ እንደ ጥፍርና እንደ ጸጉር ነው፤ ሲቆረጥ አያምም፤ ወፉ ላባውን በሚቀይርበት ጊዜም አዲስ ይበቅላል። ገና በማደግ ላይ ያለ ላባ ግን ውስጡ ደም አለበት፤ ከተቆረጠ ወፉ ይደማል። በአንድ ወገን ብቻ ወይም ከልክ በላይ ከተቆረጠ ደግሞ ወፉ ሚዛኑን እየሳተ ይወድቃል፤ ይጎዳልም። ስለዚህ በቤት መቀስ የሚሞከር ሥራ አይደለም። ያልጠበቅነውንም ነገር ሰማን፦ ክንፉ የተቆረጠ ወፍም ነፋስ ካገኘው ከቤት ሊወጣ ይችላል። ያኔ ድመት ብትመጣ ግን ወደ ዛፍ መሸሽ ይከብደዋል።

ረቡዕ ማታ ጉዳዩን ለቤት ኅብረት አቀረብነው። አንድ ወንድም "እግዚአብሔር ሰውን በፍጥረት ላይ ሾሞታል፤ ቁረጡትና ተገላገሉ" አለን። አንዲት እህት "ክንፉን የሰጠው ጌታ ነው፤ መቁረጥ ኃጢአት ነው" አለች። ሌላው "ለምን አትለቁትም?" ሲል ጠየቀ። ሦስቱም ከልባቸው ነው የተናገሩት።

ለሦስተኛው መመለስ ቀላል ነበር። አገራችን የራሷ በቀቀኖች አሏት። ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ያለበት፣ ክንፈ ጥቁሩ ትንሽ በቀቀን በደጋችን ዛፎች ላይ ይኖራል፤ ፊቱ ቢጫ የሆነው ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። እነዚህ የዱር ናቸው፤ ማንም አጥምዶ ቢሸጥልን መግዛት የለብንም። ማሙሽ ግን በሽቦ ቤት ተፈልፍሎ ያደገ ነው። ምግብ መፈለግ አያውቅም። እርሱን "ነጻ ማውጣት" ለጭልፊት መስጠት ነው።

ለወንድማችን የመለስነው፣ ሹመቱ በዘፍጥረት 2፥15 ላይ ከመጠበቅ ጋር አብሮ መምጣቱን ነው። በዘዳግም 22፥6-7 ጌታ በመንገድ ላይ ጎጆ ያገኘን ሰው እንኳ እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ይከለክለዋል። ስለዚህ በወፍ ላይ ያለን ሥልጣን ልክ የተበጀለት ነው። ለእህታችን ደግሞ፣ ጌታ ስለ ላባ ሕግ ባላወጣበት እኛ አናወጣም አልናት። ሮሜ 14 የተጻፈው እንዲህ ላሉ ጉዳዮች ነው።

በመጨረሻ ወደ እማማ ደወልን፤ ወፉ የእሳቸው ነውና። ዝም ብለው ከሰሙን በኋላ "ልጆቼ፣ አደራ ያልኳችሁ ነፍሱን ነው። ለነፍሱ የሚበጀውን አድርጉ" አሉን።

ይህ ቃል እንቅልፍ ነሳን። መቁረጡም አለመቁረጡም ተፈቅዶልናል፤ መመዘኛው ግን የማሙሽ ነፍስ ሆነ። በዚህ ሚዛን ስናየው ማሙሽን ለአደጋ ያጋለጠው የእኛ ክፍት በር ነበር። ምጣዱ እንደ ጋለ የሚተወው፣ ቡና ሲፈላ ከሰሉን ከሽቦ ቤቱ አጠገብ የሚያስቀምጠው፣ የወፍ ሳንባ ለጭስ እጅግ ስስ መሆኑን ሳይጠይቅ የኖረውም እኛው ነን። ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጭስ ወፍ እንደሚገድል እንኳ የሰማነው አሁን ነው። መቀሱ ከእነዚህ አንዱንም አያስቀርም። እውነቱን እንናገር፤ መቀሱን የፈለግነው በር መዝጋት ስለ ታከተን ነበር። ለማሙሽ ያሰብን መስሎን ለራሳችን አስበናል። ምሳሌ 12፥10 ርኅራኄ መስሎ ጭካኔ የሚሆን ነገር እንዳለ ያስጠነቅቃል፤ የእኛው ለዚያ ቀርቦ ነበር።

ስለዚህ አልቆረጥንም። መስኮቶቹን በወንፊት ሽቦ ሸፈንን። በውጭው በር ላይ "ማሙሽ ወጥቷል፣ በሩን ዝጉ" የሚል ወረቀት ለጠፍን። ምግብ ሲበስልና ቡና ሲፈላ እርሱ በሌላው ክፍል ተዘግቶ ይቆያል። ስሙን ስንጠራው እጃችን ላይ እንዲያርፍ በጥቂት ማሽላ በየቀኑ እናለማምደዋለን። አንዳንዴ ይመጣል፤ አንዳንዴ መጋረጃው ላይ ሆኖ ያየናል፤ አንዳንዴም መጥቶ ይነክሰናል።

የቆረጠውን ግን አንፈርድበትም። በአንዲት ክፍል ምድጃም አልጋም ይዞ የሚኖር፣ የሚዘጋው ሁለተኛ በር የሌለው ወገን፣ ሐኪም አማክሮ በእጁ ያለውን ነፍስ ለማትረፍ ቢቆርጥ እርሱም አደራውን ጠብቋል። እኛ የምንለው፣ መቀሱን ከማንሳታችን በፊት "ይህ ለማን ድካም ነው?" ብለን እንጠይቅ ነው።

ጥያቄው ወፍ ላይ አይቆምም። ታላቋ ልጃችን ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። እኛ እዚሁ ኮሌጅ ልናስቀራት ሰበብ ስንፈልግ ከርመናል። አንድ ማታ ማሙሽን ስናለማምድ አይታ "እሱን ተመልሶ እንዲመጣ ታስተምሩታላችሁ፤ እኔን ግን እንዳልሄድ ነው የምትፈልጉት" አለችን። መልስ አልነበረንም። አብረናት ከመጸለይ፣ የምትጠይቀውን ከባድ ጥያቄ ቁጭ ብሎ ከመስማት ይልቅ መከልከሉ ቀሎን ነበር። በቤተ ክርስቲያንም ወጣቶቻችንን እንዲሁ የምናደርግ አይመስላችሁም?

ኖኅ ርግቢቱን በመስኮት ሲለቃት ክንፏ ሙሉ ነበር። ማረፊያ አጥታ ስትመለስ እጁን ዘርግቶ ወደ ራሱ አስገባት። በሦስተኛው ጊዜ አልተመለሰችም። እኛም የምንለምነው ይህንን ነው፤ የተዘረጋ እጅ፣ ስትመለስ የሚከፈት መስኮት፣ ሳትመለስ ስትቀርም በጌታ መታመን።

ልጃችን ትሄዳለች። ሻንጣዋን ገዝተናል።

ወገኖች፣ በዚህ ሳምንት እስቲ በቤታችሁ ያለውን መቀስ ፈልጉት። ጌታ ሆይ፣ አደራ የሰጠኸንን ሁሉ በፍርሃታችን ሳይሆን በትጋታችን እንድንጠብቅ ጸጋህን አብዛልን። አሜን።