ጀበናው ገብቶ ሸክላ ሠሪዋ ደጅ

በባህል ዐውደ ርእዮች ላይ የሸክላ ዕቃ በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ፣ ከበላዩ መብራት በርቶለት፣ ከፊቱ ገመድ ተዘርግቶለት ይታያል። ጎብኚው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያደንቃል፤ የክብር እንግዳው ስለ ሕዝብ ጥበብ ዘለግ ያለ ንግግር ያሰማል፤ በአንድ ማዕዘን ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና ይፈላል። ጭቃውን ረግጣ፣ ጀበናውን በእጇ ጠፍጥፋ፣ በኩበትና በጭራሮ እሳት ተኩሳ ያወጣችው ሴት ግን በብዙ የኢትዮጵያ ገጠር ከዚያው ጀበና በተቀዳ ቡና ዙሪያ ከጎረቤቶቿ ጋር ተስተካክላ አልተቀመጠችም። ብትጠጣም ከደጅ ሆና፣ ለእርሷ ብቻ በተለየ ዕቃ ነው። ዛሬም ይህ ያልቀረባቸው መንደሮች አሉ። ዕቃው ከእጇ ወደ ጓዳ ሲሻገር ይነጻል፤ እጁ ግን እንደ ረከሰ ይቀራል። ይህን ተአምር የሚያብራራ ንግግር ከክብር እንግዶች አፍ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

«ባለእጅ» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበለው። በቁሙ ሲፈታ እጅ ያለው ማለት ነው። ባለርስት፣ ባለማዕረግ፣ ባለጸጋ እንደሚባለው ሁሉ ይህም የክብር ስም መሆን ይገባው ነበር። ነገር ግን በሰሜኑና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር ቃሉ ድምፅ ተቀንሶ የሚነገር፣ ልጅ ለመዳር ሲታሰብ ሽማግሌ ከሽማግሌ ጆሮ የሚያንሾካሹከው ስድብ ነው። አንድ ሰው እጅ አለው መባሉ ውርደት የሚሆንበት ሀገር ስለ ሌሎቹ እጆች ምን እየመሰከረ እንደ ሆነ ራሱ ቢያስብበት መልካም ነው። ከባለእጅ ቀጥሎም ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ ይመጣሉ፤ በመጨረሻም ሁሉንም የሚጠቀልለው ቡዳ።

አራስ ሴት ከቡዳ ዐይን ትጠበቅ ዘንድ ከትራሷ ሥር ብረት ይደረግላታል፤ ወደ ደጅ ስትወጣም ብረት ትይዛለች። ብረቱን ማን ቀጠቀጠው? ያው ቡዳ የተባለው ጠይብ ነው። «እገሌ በላኝ» እያለ የሚለፈልፈው በሽተኛ የሚዳሰስበትስ መስቀል ከየትኛው ወናፍ ወጣ? የዓመቱን እህል የሚያወጣው ማረሻ፣ ጠላት የተመከተበት ጦር፣ የሙሽራዋ የእግር አልቦ፣ እነዚህ ሁሉ የወጡት ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል ከተባለ ሰው እጅ ነው። ጅቡን የፈራው ሕዝብ በጅቡ ማረሻ አርሶ፣ በጅቡ ቢላዋ ቆርሶ በላ።

ለዚህ ንቀት የሚቀርበው ምክንያት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በከፋ «ማንጃ ጉሬዛና ከርከሮ ይበላል» ይባላል። በጣና ዳርቻ «ወይጦ ጉማሬ ይበላል» ይባላል። በጉራጌ «ፉጋ የረገጠው መሬት ይመክናል» ይባል ነበር። ሦስት ምክንያት ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን አንድ ነገር ነው፤ እርሱም መሬት ነው።

ከፉጋ እንጀመር። የጉራጌ ቤት በውበቱ የተመሰከረለት ነው። የዚያን ቤት ምሰሶ የሚያቆመው፣ እንጨቱን የሚጠርበው ፉጋ ነበር፤ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ግን በራሱ እጅ ካቆመው ጣራ ሥር ሳይጠራ አይገባም። መሬት እንዳያርስ የከለከለው ደግሞ እግሩ ፍሬ ያጠፋል የሚለው እምነት ነው። ይህ እምነት ማንን ይጠቅም እንደ ነበር ለማወቅ የረቀቀ ምርምር አያሻም። ባለመሬቱ ተቀናቃኝ ሳይኖርበት መሬቱን ይዞ ኖረ፤ መሬት የሌለው ደግሞ ዕቃውን ባለመሬቱ በቆረጠለት ዋጋ ከመስጠት በቀር ምርጫ አልነበረውም። እግሩ በእርግጥ መሬት የሚያመክን ቢሆን ኖሮ ምሰሶ ሊያቆም ግቢ ሲገባ የጓሮው እንሰት በደረቀ ነበር!

ማንጃም እንዲሁ ነው። በከፋ ነገሥታት ዘመን ማንጃ የመንግሥቱን በሮች ይጠብቅ ነበር። ሀገር በሞላ እርሱን አምኖ ሲተኛ፣ እርሱ ግን የአንድ ተራ ገበሬ ደጃፍ አልፎ መግባት አይፈቀድለትም። በመንገድ ሲተላለፍ መንገድ ይለቃል፤ ምግብ ቢሰጠው በኮባ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉም ይጣላል። ኑሮው ከማር፣ ከማገዶ፣ ከከሰልና ከአደን ነው። የእርሻና የከብት ባለቤትነት ከተነፈገው ሰው ማዕድ ላይ ከጫካ በቀር የየት ሥጋ ይጠበቃል? በቅድሚያ ከለማው መሬት አርቀው ወደ ዛፉ ሥር ገፉት፤ ቀጥለውም ከዛፉ ሥር ያገኘውን በላ ብለው ፈረዱበት። ከጊዜ በኋላ ብዙ ማንጃዎች የዱሩን ሥጋ እርግፍ አድርገው ተዉ። ንቀቱ ግን አብሮ አልተተወም። ምክንያቱ ሞቶ ፍርዱ ሲኖር፣ ምክንያቱ ድሮም ምክንያት እንዳልነበረ ይታወቃል።

ስለ ነገደ ወይጦም ያው ነው። የራሱ ቋንቋ ነበረው፤ ጠፋ፤ አሁን የሚናገረው አማርኛ ነው። ሃይማኖቱ እስልምና ነው። የጉማሬ አደኑ የአያቶች ታሪክ ከሆነ ቆይቷል። የቀረው ደንገሉ፣ ታንኳውና የወፍጮ ድንጋዩ ነው። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» ብሎ የሰየማትን የደንገል መርከብ ሲያሠራ ደንገሉ ተቆርጦ የሄደው ከጣና ነው፤ መርከቢቱም አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ተንሳፈፈች። የጣና ደንገል ስሙ በዓለም ሲጠራ፣ በጣና ላይ ደንገል ሲያስር የኖረው ሰው ግን ከባሕር ዳር ጎረቤቱ ማዕድ ገና አልደረሰም።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ የሚያነሡትም የተማሩ ሰዎች ናቸው። «የተናቀው ሥራው እንጂ ዘሩ አይደለም፤ ጉዳዩ የኋላ ቀር ዘመን ቅሪት ስለ ሆነ ሥልጣኔ ሲስፋፋ ይጠፋል፤ ስለዚህ ባይነካካ ይሻላል» ይላሉ። ሐሳቡ ሲሰሙት ጨዋ ይመስላል፤ ውሸት መሆኑን ለማየት ግን የከተማ ጋራዥ መጎብኘት ይበቃል። ከገበሬ ወይም ከመኳንንት ቤት ተወልዶ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ብረት መበየድ የተማረ ወጣት «ባለሙያ» ይባላል። ሌት ተቀን ከእሳትና ከብረት ጋር ይውላል፤ ቡዳ ያለው ግን አንድም ሰው የለም። የጠይብ ልጅ በበኩሉ መዶሻ በእጁ ሳይነካ አድጎ፣ መምህር ሆኖ፣ ጠመኔ እንጂ ብረት የማያውቅ ቢሆንም፣ ለጋብቻ ሲጠይቅ ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እንግዲህ የተናቀው የትኛው ነው? ሥራው ቢሆን ኖሮ በያጁ ይነቀፍ፣ ልጁ ይከበር ነበር። ሥልጣኔውም ያመጣው ለውጥ የስድቡን ቦታ ከአደባባይ ወደ ሽምግልና ጓዳ ማዛወር ብቻ ሆኖ በየቦታው ይታያል።

ሌላው መታየት ያለበት ጉዳይ ንቀት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ያለው መሆኑ ነው። ከጋሞ ደጋ ወርዶ ሽሮ ሜዳ መቋሚያውን የተከለ ሸማኔ፣ የአዲስ አበባን ሰው ለበዓል እያለበሰ «ዶርዜ» የሚለው ስም እንደ ስድብ ሲወረወርበት ኖሯል። ይህ በደል ነው። ነገር ግን እዚያው በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪው ማናና ቆዳ ፋቂው ደጋላ ከባለመሬቱ ማላ ጋር በጋብቻ አይገናኙም ነበር። በኮንሶም የእጅ ባለሙያው ሐውዳ ከገበሬው ተለይቶ ኖሯል። የኮንሶ እርከኖች እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ደስታው የሁሉ ነበር፤ እርከኑ የተሠራበትን መሣሪያ የቀጠቀጠው ግን ማን እንደ ሆነ በዚያ ደስታ ውስጥ ጥቂት ሰው ነው ያስታወሰው። በመሀል ሀገር የተናቀ ሁሉ በመንደሩ የሚንቀው አላጣም። የተበደለ ሁሉ ንጹሕ ነው የሚል ድርሰት ለመድረክ ይመቻል፤ ሀገሪቱን ግን አይገልጣትም።

ሕግ አልጎደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት እንዲሰጠው ሲደነግግ ፉጋውንም ማንጃውንም አልለየም፤ እግሩ ያመክናል የተባለው ሰው በሕግ አራሽ ሆነ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል፤ በአንቀጽ 54 ደግሞ ከ550 በማይበልጡት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ውስጥ ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን ያዝዛል።

ሆኖም አናሳ ብሔረሰብ ለመባል በቅድሚያ ብሔረሰብ መባል ያስፈልጋል። አንቀጽ 39 ከሚጠይቃቸው መለኪያዎች መካከል የጋራ ቋንቋና በአብዛኛው የተያያዘ መልክዓ ምድር ይገኙበታል። ማንጃ የሚናገረው የከፋን ቋንቋ ነው፤ ፉጋም የጎረቤቶቹን፤ ወይጦ ቋንቋው ጠፍቶበታል፤ ሰፈሩም በሐይቁ ዙሪያ ተበታትኗል። ለብቻቸው እንዲቀመጡ ሲፈረድባቸው የተለዩ ሕዝብ ናቸው፤ መብት ሲጠየቅ ግን ከጎረቤቶቻቸው የማይለዩ ይሆናሉ! በዕድር መቀመጫ፣ በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር ጽዋ ላይ ያለውን መለያየት ደግሞ የትኛውም አንቀጽ ገብቶ አያየውም።

የቤተ እስራኤል ታሪክ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማስረጃ ነው። በጎንደር ዙሪያ ርስት የተነፈገው ይህ ሕዝብ በብረትና በሸክላ ሥራ ኖረ፤ «ፈላሻ» ተባለ፤ ቡዳም ተባለ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ተጭነው ወደ እስራኤል ሄዱ። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 የእስራኤል ጋዜጣ የገለጠው ነገር እነሆ፦ ኢትዮጵያውያኑ ለገሱት የተባለው ደም ለበሽተኛ ሳይሰጥ በምስጢር ሲደፋ ኖሯል። በሺህ የሚቆጠሩት አደባባይ ወጡ። በዚህ ዜና የተቆጣ የሀገር ቤት ሰው ቁጣው ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ከዚያ በፊት ለዘመናት የእነዚህን ሰዎች እጅ እየጠላ ሸክላቸውን ሲገዛ የኖረው ማን እንደ ነበር አብሮ ማሰብ ነበረበት። በራሳቸው በቤተ እስራኤል መካከልም «ጨዋ» እና «ባሪያ» የሚለው መለያ ባሕር ተሻግሮ አብሮ መሄዱ ተጽፏል። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ ዛሬም የሸክላ ምስሎች በእነርሱ ስም ይሸጣሉ፤ ባለስሞቹ ከሄዱ ግን ዓመታት አልፈዋል። በአጠገብ ሳሉ የተጠላው ስም ሲርቁ የገበያ ማስታወቂያ ሆነ።

ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ የጥበብ ሰዎችን ነጻ ማውጣት አይቻልም። ቡዳ በአማርኛ መድረክ ላይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ለሣቅ ነው፦ ዐይኑን የሚያጉረጠርጥ፣ ሰው አይቶ ምራቁን የሚውጥ። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ቤቱ ሲመለስም ጎረቤቱን በዚያ ዐይን ያያል። ደራሲው «አጉል እምነትን ነው የነቀፍሁት» ይላል። እንዲያ ከሆነ የሚያሥቀው ስለ ምን ከሳሹ ሳይሆን ተከሳሹ ሆነ? ልጇ የታመመባት እናት በፍርሃት ጎረቤቷን ስትከስ፣ ያ ጎረቤት በዚያች ሌሊት በር ዘግቶ ከልጆቹ ጋር የሚያሳልፈው ሰዓት ሙሉ ተውኔት ይሆናል፤ ለመጻፍ የሚደፍር ግን ጥቂት ነው። የባህል ቡድኖችም የየብሔረሰቡን ልብስና ጭፈራ ሲሰበስቡ ልብሱን የሸመነውን፣ ከበሮውን የፋቀውን ሰው እንደ ጥሬ ዕቃ ምንጭ እንጂ እንደ ባለጥበብ አይጠሩትም። ሥዕል ከግድግዳ ላይ ሲሰቀል የሠዓሊው ስም ከጥጉ አይታጣም። በቤተ መዘክር ከሸክላው ሥር የምትቀመጠው ትንሽ ካርድ ግን «እንስራ፤ ሸክላ፤ ከዚህ ከዚህ አካባቢ» ብላ ታቆማለች። አካባቢው ጭቃ አልረገጠም።

ካርዷን ለመለወጥ አዋጅ አያሻም፤ ብዕርና የአንድ ቀን መንገድ ይበቃል። ወደ መንደሩ ተወርዶ የሠሪዋ ስም ከነአባቷ ይጠየቅ፤ በዕቃው ሥር ይጻፍ፤ ዐውደ ርእዩ በሚከፈትበት ዕለትም የመጥሪያ ወረቀት ለእርሷ ይላክ። ስትመጣ በማዕዘኑ የሚፈላው ቡና፣ እርሷ ከሠራችው ጀበና፣ ለክብር እንግዳው በቀረበው ዐይነት ሲኒ ይቀዳላት።