ሊጉ ወደየሜዳው እንዲመለስ ከገሳይ የቀረበ አቤቱታ

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ አመራሮች
ባላችሁበት

እኛ በጉና ተራራ ሥር የምንኖር የገሳይ ኳስ ወዳጆች ይህን አቤቱታ በታላቅ አክብሮት እናቀርባለን።

ቀድሞ የጎንደሩ ክለብ ፋሲል ከነማ በሜዳው ሲጫወት ከመካከላችን አቅም ያለው ጋቢውን ደርቦ ሌሊት ይነሣና በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር ይገባ ነበር። ሲመለስ ድምፁ ተዘግቶ ነው። ልጆች ከበው ጎሉ እንዴት እንደገባ ያስተርኩታል፤ በማግስቱም መስክ ላይ በጨርቅ ኳስ ያንኑ ጎል ሊደግሙት ይሞክራሉ።

በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የአገራችን ሊግ የቴሌቪዥን ስርጭት መጣ። ውሉ ለአምስት ዓመት ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ነበር፤ ክለቦች ደመወዝ መክፈል ሲያቅታቸው ያየን ነንና ገንዘቡን አንጠላም። ሆኖም ካሜራው በየከተማው የሚዞር አልሆነም፤ ኮሮናም ነበረ፣ የሜዳ ጥራትም ጎደለ ተባለ። ስለዚህ ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ ሲጫወቱ፣ ሊጉ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሐዋሳ ዞረ። ፋሲል በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ያነሣው በዚያው ዓመት ነው። በሜዳው በፋሲለደስ ስታዲየም ግን አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም።

ደንብ ለተመልካች ደስታ ሲባል መለወጡን አንቃወምም። እ.ኤ.አ. በ1990 የጣሊያኑ የዓለም ዋንጫ ጎል አጥቶ ሰው ስለተሰላቸ፣ በ1992 በረኛ ከጓደኛው በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይዝ ተከለከለ። በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ደግሞ ያሸነፈ 3 ነጥብ ያገኝ ጀመር። እነዚህ ቤቱ ለተቀመጠውም ስታዲየም ለገባውም እኩል የጠቀሙ ናቸው። የእኛው ለውጥ ግን ደጋፊውን ከሜዳው ያስቀረ ነው። ባዶ መቀመጫ የሚያሳይ ስርጭትስ ማንን ያዝናናል?

በከተማችን ኳስ የሚያሳይ ቤት አለ፤ ከፍለን እንገባለን። የእንግሊዝ ጨዋታ ሰዓት ሲደርስ ባለቤቱ የእኛን ሊግ አቋርጦ ቻናሉን ይቀይራል። አንፈርድበትም፤ እንጀራው ነው። ነገር ግን ያ በጨርቅ ኳስ የሚጫወት ልጅ ዛሬ የአርሰናልን አሰላለፍ በቃሉ ይወጣዋል፤ የፋሲልን በረኛ ስም ቢጠይቁት ዝም ይላል። ከሁሉ በላይ ያሳዘነን ይህ ነው።

ሰላም በሌለበት ሜዳ ክፈቱ አንልም፤ የአካባቢያችንን ችግር ከማንም በላይ እኛው እናውቀዋለን። የምንለምነው፣ ከስርጭት ገቢው ለየክለቡ ሜዳ ማደሻ የሚሆን ድርሻ እንዲለይ፣ ሁኔታው ሲፈቅድም በሜዳና ከሜዳ ውጭ የሚደረገው ውድድር የሚመለስበት ጊዜ ተቆርጦ በይፋ እንዲነገረን ነው። የውድድር ሥርዓት ሲለወጥም ደጋፊው አስቀድሞ ይጠየቅ።

ጎንደር ለመሄድ ዛሬም ሌሊት እንነሣለን። ቀኑን ብቻ ንገሩን።

ከሰላምታ ጋር
የገሳይ ኳስ ወዳጆች